ከባቢዎቹ የተከበቡበት ጦርነት፦ ቬኒስና ጄኖዋ በኪዮጃ፣ 1379–1380

ኦገስት 16 ቀን 1379 የጄኖዋና የፓዶቫ ጦር ኪዮጃን ያዘ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኪዮጃ ከቬኒስ ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በዚያው ጥልቀት በሌለው የባሕር ውሃ ጫፍ ላይ የተቀመጠች የዓሣና የጨው ከተማ ናት። ለብዙ መቶ ዓመታት ጠላት እንዲህ የቬኒስ ደጃፍ ድረስ ደርሶ አያውቅም ነበር። ከተማዋ የምትበላው እህል በመርከብ ነው የሚመጣው፤ በባሕሩ በኩል ጄኖዋ፣ በየብሱ በኩል ፓዶቫ ቆመዋል፤ የጦር መርከቦቿ አብዛኞቹ ከሦስት ወር በፊት ተማርከዋል። ከአሥር ወር በኋላ ግን በረሃብ ተሸንፎ እጁን የሰጠው ኪዮጃን የያዘው ጦር ነው።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የሁለት የባሕር አዛዦች፣ የቬቶር ፒዛኒና የካርሎ ዜኖ ገድል ሆኖ ነው። ሁለቱም ጀግኖች መሆናቸው አያከራክርም። እኔ ግን የጉዳዩን ቁልፍ የማየው ቀዛፊዎቹ ዘንድ ነው። ማንን ተከትለው እንደሚቀዝፉ ራሳቸው ወሰኑ፤ ኩሩው የቬኒስ መንግሥትም ለውሳኔያቸው ተገዛ። ከዚያ በፊት የሆነው ሁሉ ወደዚያ ቀን የሚወስድ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውም ያለዚያ ቀን የማይሆን ነበር።

ጠቡ ከየት መጣ

ቬኒስና ጄኖዋ ሁለቱም በባሕር ንግድ የሚኖሩ ነጻ ከተሞች ነበሩ። ሁለቱም ዓይናቸውን የጣሉት በአንድ ገበያ ላይ ነው፦ በቁስጥንጥንያ፣ በጥቁር ባሕር፣ በሶርያና በግብፅ ወደቦች። ከ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተዋግተዋል። ጄኖዋ በ1298 በኩርዞላ፣ በ1354 ደግሞ በፖርቶ ሎንጎ ትልልቅ ድል ብታገኝም ቬኒስን ጨርሳ መጣል አልቻለችም።

በ1372 የቆጵሮሱ ወጣት ንጉሥ ጴጥሮስ ዳግማዊ በፋማጉስታ ዘውድ ሲጭን፣ የንጉሡን ፈረስ የቀኝ ልጓም ማን ይይዛል በሚል የሁለቱ ከተሞች ሰዎች ተጣሉ። ክርክሩ ወደ ግብግብ፣ ግብግቡ ወደ ግድያና ዝርፊያ ተለወጠ፤ የከፋው ጉዳት የደረሰው በጄኖዋዎች ላይ ነበር። ጄኖዋ በማግሥቱ ዓመት መርከቦቿን ላከችና ፋማጉስታን በእጇ አደረገች።

ጦርነቱን የለኮሰው ግን ተኔዶስ የምትባል ትንሽ ደሴት ናት። ከዳርዳኔልስ መግቢያ ፊት ለፊት ስለምትገኝ፣ ተኔዶስን የያዘ ወደ ቁስጥንጥንያና ወደ ጥቁር ባሕር የሚያልፈውን መርከብ ሁሉ ይቆጣጠራል። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ አምስተኛ ደሴቲቱን ለቬኒስ ቃል ገብቶ ነበር። በ1376 ልጁ አንድሮኒቆስ በጄኖዋ ድጋፍ አባቱን ከዙፋን አውርዶ ደሴቲቱን ለጄኖዋ ሰጠ። የደሴቲቱ ሰዎች ግን አሻፈረኝ ብለው ለቬኒስ አስረከቧት። በ1378 ጦርነቱ በይፋ ተጀመረ።

ጄኖዋ ብቻዋን አልመጣችም። የፓዶቫው ጌታ ፍራንቼስኮ ዳ ካራራ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ዳልማሲያን ከቬኒስ የነጠቀው የሀንጋሪው ንጉሥ ሉዊስና የአኩዊሌያው ፓትርያርክ አብረዋት ተሰለፉ። ቬኒስ ሚላንን አጋር ብታደርግም እርዳታው ቀጭን ነበር።

ፖላ፦ አዛዡ ያልፈለገው ውጊያ

በመጀመሪያው ዓመት ድሉ የቬኒስ ነበር። ፒዛኒ በሜይ 1378 ከሮም በስተ ደቡብ በካፖ ዳንዚዮ አጠገብ የጄኖዋን መርከቦች መታ። ክረምቱ ሲመጣ ወደ ቤቱ ተመልሶ መርከቦቹን ለማደስ፣ ሰዎቹንም ለማሳረፍ ፈለገ። የከተማዋ የመኳንንት ምክር ቤት፣ ሴኔቱ፣ ግን ከቬኒስ ባሕር ማዶ በኢስትሪያ፣ በፖላ ወደብ እንዲከርም አዘዘው። በብርድና በበሽታ የቀዛፊው ቁጥር ሳሳ።

በሜይ 1379 በሉቻኖ ዶሪያ የሚመራ የጄኖዋ ጦር ወደቡ ፊት ለፊት ታየ። ፒዛኒ መውጣት አልፈለገም። ከመንግሥት የተላኩት ተቆጣጣሪዎችና አንዳንድ አለቆቹ ግን በፍርሃት ከሰሱት። በዚያ ዘመን የጦር አዛዥ በፍርሃት ከተጠረጠረ ማመካኛው አይሰማለትም፤ ስለዚህ ወጣ። መጀመሪያ ላይ ውጊያው ቀናው፤ ሉቻኖ ዶሪያም ተገደለ። ጄኖዋዎች ግን ከመርከቦቻቸው ከፊሉን ደብቀው ኖሮ፣ ቬኒሶች የሚያፈገፍገውን ሲያሳድዱ የተደበቀው ከጎን መጣባቸው። 15 ያህል የቬኒስ ጋሌዮች፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚነዱ ረጃጅም የጦር መርከቦች፣ ተማረኩ። ፒዛኒ በጥቂቶቹ አምልጦ ቬኒስ ሲደርስ በሰንሰለት አሰሩት። ከሳሾቹ የሞት ቅጣት ጠየቁ፤ ፍርዱ ግን 6 ወር እስራትና ለ5 ዓመት ከማንኛውም ሹመት መታገድ ሆነ።

ይህ ፍርድ ዛሬም ያናድደኛል። በፖላ ያስከረመው መንግሥት ነው፤ እንዲዋጋ የገፋፉትም የመንግሥት ሰዎች ናቸው። ሽንፈቱ ግን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ተጫነ። የቬኒስ ቀዛፊዎችና መርከበኞች ከእርሱ ጋር በፖላ ከርመው ነበርና ይህን ሁሉ ያውቁታል።

በዚህ መሐል የቬኒስ ሁለተኛ ተስፋ በአካባቢው አልነበረም። ካርሎ ዜኖ ጥቂት ጋሌዮች ይዞ የጄኖዋን ንግድ እንዲመታ በጸደይ ወጥቶ ነበር። ከጄኖዋ ዳርቻ እስከ ቁስጥንጥንያና እስከ ሶርያ ባሕር እየዞረ የነጋዴ መርከቦችን ይይዛል። ከፖላ በኋላ እንዲመለስ መልእክት ቢላክበትም፣ በዚያ ዘመን በባሕር ላይ የሚንከራተት መርከብ ማግኘት ወራት ይፈጃል። ቬኒስ የቀሯት ጋሌዮች ለመከላከያ እንኳ የማይበቁ ሆኑ።

ሕዝቡ ወህኒ ቤቱን ያስከፈተበት ሳምንት

የሉቻኖን ቦታ የተረከበው ፒየትሮ ዶሪያ በኦገስት መጀመሪያ ከቬኒስ ፊት ለፊት ደረሰ። እዚህ ላይ የቦታው አቀማመጥ ግልጽ መሆን አለበት። ቬኒስ ያለችበት ውሃ ከአድሪያቲክ ባሕር የሚለየው በረዣዥም ቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች ነው። በደሴቶቹ መካከል ጥቂት በሮች አሉ፦ በሰሜን የሊዶ በር፣ ቀጥሎ ማላሞኮ፣ በደቡብ የኪዮጃ በርና ብሮንዶሎ። ከበሮቹ ወደ ውስጥ ያለው ውሃ አብዛኛው ጉልበት የማይሞላ ነው፤ መርከብ የሚያልፈው በተጠማዘዙ ጥልቅ መስመሮች ብቻ ሲሆን እነርሱንም የሚያመለክቱት በውሃው ውስጥ የተተከሉ ግንዶች ናቸው። ቬኒሶች ግንዶቹን ነቀሏቸው። የሊዶን በር በሰንሰለት ዘጉ። በመርከብ ወደ ከተማዋ መግባት ለባዕድ ከባድ ሆነ።

ኪዮጃ ስትወድቅ ቬኒስ የሰላም መልእክተኞች ላከች። ዶሪያ ሰጠ የሚባለው መልስ እስከ ዛሬ ይተረካል፤ በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ላይ ለቆሙት ፈረሶች ልጓም ሳላገባ ሰላም የለም አለ ይባላል። እነዚያ የነሐስ ፈረሶች ቬኒስ ራሷ በ1204 ከቁስጥንጥንያ ዘርፋ ያመጣቻቸው ናቸው። ቃሉን በትክክል ይናገረው አይናገረው፣ ሰላም እንደማይፈልግ ለቬኒሶች ግልጽ ሆኖላቸዋል።

ሴኔቱ ታዴዎ ጁስቲኒያንን የባሕር ኃይል አዛዥ አድርጎ ሾመ። ቀዛፊዎች ተጠሩ፤ አልመጡም። ሕዝቡ የሚጠራው የፒዛኒን ስም ነበር። መኳንንቱ እያመነቱ ከእስር ፈቱት። ከወህኒ ሲወጣ ሕዝቡ "ቬቶር ይኑር!" እያለ ሲጮህ፣ እርሱ "ቅዱስ ማርቆስ ይኑር በሉ" ብሎ መለሰ ተብሎ ይነገራል። በመጀመሪያ የተሰጠው ጎዶሎ ሥልጣን ነበር፦ የሊዶን መከላከያ እንዲያደራጅ ብቻ፤ ዋናው አዛዥነት በጁስቲኒያን እጅ ይቆያል። ከቶርቼሎና ከሌሎች ደሴቶች ባንዲራቸውን ይዘው የመጡ ሰዎች በጁስቲኒያን ሥር ተመዝገቡ ሲባሉ ባንዲራውን ጥለው ወደ ቤታቸው እንደ ሄዱ የዘመኑ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ሴኔቱ በመጨረሻ ለፒዛኒ ሙሉውን ሥልጣን ሰጠው።

ይህን በዘመኑ ዐይን እንመልከተው። ቬኒስ ከ1297 ጀምሮ ታላቁን ምክር ቤቷን ለተወሰኑ ቤተሰቦች ብቻ ክፍት ያደረገች ከተማ ናት። የተራው ሰው ድምፅ በሕግ ቦታ የለውም። ይሁን እንጂ ጋሌይ በአዋጅ አይቀዝፍም፤ ክንድ ይፈልጋል። ክንዱ እምቢ ሲል መንግሥቱ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፦ መስማት ወይም መጥፋት። መስማቱን መረጠ፤ ፈጥኖም ሰማ። ለእኔ የቬኒስ ብልህነት የታየው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሚያስገርም ፍጥነት ሄደ። የእጅ ባለሙያዎችና ባለሱቆች፣ መቅዘፊያ ይዘው የማያውቁ ሳይቀሩ፣ በጁዴካ ቦይ መቅዘፍ ተማሩ። የመርከብ ሠሪዎቹ ግቢ ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር። ገንዘብ በግዳጅ ብድር ተሰበሰበ፤ ለከተማዋ በሰውና በገንዘብ ይበልጥ ያበረከቱ 30 ቤተሰቦች ከጦርነቱ በኋላ ወደ ታላቁ ምክር ቤት እንደሚገቡ ቃል ተገባ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ በሰላሙ ጊዜ የማይታሰበው ነገር በጭንቀት ጊዜ ተፈቀደ።

ዶሪያ ለምን ቆመ?

ብዙ ጸሐፊዎች ፒየትሮ ዶሪያን ሞኝ ያደርጉታል። ኪዮጃን በያዘ ማግሥት ቬኒስ ተደናግጣ ሳለ ለምን አልገሰገሰም? የፓዶቫው ካራራም ይህንኑ ወትውቶት ነበር።

ከእርሱ ቦታ ሆነን እንየው። መርከቦቹ ጥልቅ ውሃ ይፈልጋሉ፤ መስመሮቹን የሚያውቅ ሰው የለውም፤ ምልክቶቹ ተነቅለዋል። ኪዮጃን ለመያዝ የከፈለው የሰው ዋጋ ከባድ ነው። በሌላ በኩል ረሃብ ለእርሱ እየሠራለት ነው፤ በየብስ ፓዶቫ እህል አስቀርታለች፣ በባሕር እርሱ ራሱ ዘግቷል። ጥቂት ወር ቢጠብቅ ከተማዋ ያለ ደም በእጁ ትገባለች። ይህ ስሌት በራሱ ስህተት አልነበረም።

ስህተቱ ሌላ ነው። ክረምቱ ሲቃረብ ሠራዊቱን ከማላሞኮ አንስቶ በኪዮጃ ሰበሰበ፤ ጋሌዮቹንም በውስጠኛው ውሃ አስጠጋ። የጄኖዋ ጉልበት በሰፊው ባሕር ላይ ነው፤ እዚያ ቬኒስ ልትቋቋማት አትችልም ነበር። ዶሪያ ግን ያን ጉልበት ራሱ ከባሕር አውጥቶ፣ በሮቹ ጠባብና ጥቂት በሆኑበት ውሃ ውስጥ አስገባው። በሮቹን ደግሞ ከእርሱ ይልቅ የሚያውቋቸው ጠላቶቹ ናቸው። ፒዛኒ ያየው ይህን ነው፦ ኪዮጃን በኃይል ማስለቀቅ አይቻልም፤ በሮቿን ከውጭ መዝጋት ግን ይቻላል።

የዲሴምበር 21 ሌሊት

ዕቅዱ ተራ ይመስላል። ድንጋይ የተሞሉ ትልልቅ መርከቦችን በኪዮጃ በር፣ በብሮንዶሎና ወደ ቬኒስ በሚወስዱት የውስጥ መስመሮች ላይ ማስጠም። በረጅሙ የክረምት ሌሊት 34 ጋሌዮችና በርካታ ትናንሽ ጀልባዎች ተነሡ። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈው የቬኒስ መሪ፣ ዶጄ አንድሪያ ኮንታሪኒ፣ ራሳቸው በጋሌይ ላይ ተሳፈሩ፤ ኪዮጃ ሳትመለስ ቬኒስ እንደማይገቡም ማሉ። ሽማግሌ መሪ በዲሴምበር ብርድ ላይ ሲቆም መኳንንቱ ቤታቸው መቅረት አልቻሉም።

ጎህ ሲቀድ ከብሮንዶሎ አጠገብ ወታደር አወረዱ፤ ጄኖዋዎች ብዙ ሰው ገድለው መልሰው ገፏቸው። በኪዮጃ በር ላይ የተጎተተውን የመጀመሪያውን ትልቅ መርከብም ጄኖዋዎች ደርሰው አቃጠሉት። ያቃጠሉት ግን በሩ መሐል ላይ ነበር፤ መርከቡ በዚያው ሰጠመ፣ ቬኒሶች ሊያደርጉት የመጡትን ጠላታቸው ራሱ አደረገላቸው። በላዩ ላይ ተጨማሪ ድንጋይና ግንድ ከመሩበት። በቀጣዮቹ ቀናት የቀሩት መስመሮች ተራ በተራ ተዘጉ።

በሩን መዝጋቱ አንድ ነገር ነው፤ መጠበቁ ሌላ። ጄኖዋዎች ካልተጠበቁ ድንጋዩን አንሥተው ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ የቬኒስ ጋሌዮች ሌሊትም ቀንም ከበሮቹ ውጭ፣ ክፍት በሆነው ባሕር ላይ፣ በንፋስና በማዕበል ውስጥ መቆም ነበረባቸው። ጋሌይ ለዚህ የተሠራ መርከብ አይደለም፤ ዝቅ ያለ ነው፣ ቀዛፊው ያለ ጣሪያ፣ ለንፋስ ተጋልጦ ይቀመጣል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሰዎቹ አንችልም፣ እንመለስ አሉ። እስከ ጃንዋሪ 1 ዜኖ ካልመጣ ከበባው እንደሚነሣ ቃል ተገባላቸው ይባላል። ቀዛፊዎቹ በዚህም ጊዜ ድምፅ ነበራቸው፤ አለቆቹ በጅራፍ ፋንታ በስምምነት ያዟቸው።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1380 ጠዋት በአድማሱ ላይ መርከቦች ታዩ። የማን እንደሆኑ ለማወቅ ፈጣን ጀልባዎች ተላኩ። ዜኖ ነበር። ከ10 በላይ ጋሌዮች፣ በጦርነት የነቁ ሰዎችና በባሕር የማረከውን ሀብት ይዞ መጣ። ከባዱን ቦታ፣ ብሮንዶሎን፣ እንዲጠብቅ ተሰጠው።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጊዜ የሚያደርገው ነበር። ሁለቱም ወገኖች መድፍ ነበራቸው፤ ይህ በኢጣልያ ጦርነት ውስጥ መድፍ በመርከብ ላይ ከታየባቸው ቀደምት አጋጣሚዎች አንዱ ነው። ትልልቆቹ የቬኒስ መድፎች ስም የወጣላቸው ነበሩ፤ የአንዱ ትሬቪዛና ነው። የሚተኩሱት የተጠረበ ድንጋይ ነው፤ ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ ብዙ በመሆኑ በቀን የሚተኮሰው ጥቂት ነው። በጃንዋሪ ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱ በብሮንዶሎ የመታው ግንብ ተንዶ ፒየትሮ ዶሪያን ገደለው። በፌብሩዋሪ ዜኖ በቅጥር ወታደሮች ጭምር ብሮንዶሎን ያዘ፤ ጄኖዋዎች በኪዮጃ ብቻ ታጎሩ።

ጄኖዋ በማቴዮ ማሩፎ የሚመራ አዲስ የጦር መርከብ ጓድ ላከች። ማሩፎ በሮቹ ፊት ለፊት ቆሞ ለውጊያ ሲጋብዝ፣ ቬኒሶች መዝጊያውን ትተው ወደ ሰፊው ባሕር አልተሳቡም። በፖላ የሆነውን አልረሱም። በዚህ ጊዜ ግን ፒዛኒን በፍርሃት የከሰሰው አልነበረም። ጁን 24 ቀን 1380 ኪዮጃ እጇን ሰጠች። ከ4,000 የሚበልጡ ሰዎች በረሃብ ተዳክመው ተማረኩ፤ ጋሌዮቹም ተያዙ። ፒዛኒ ግን ድሉን ብዙ አላየውም፤ በዚያው ዓመት በኦገስት በዘመቻ ላይ ሳለ በማንፍሬዶንያ ሞተ።

የሰላሙ ዋጋ

ኦገስት 8 ቀን 1381 በሳቮዩ መስፍን አማዴዎስ ስድስተኛ ሸምጋይነት በቱሪን ሰላም ተፈረመ። ውሉን ብቻ ያነበበ ሰው ቬኒስ ተሸነፈች ይላል። ትሬቪዞን አጣች፤ ለሀንጋሪ በየዓመቱ 7,000 ዱካት (የቬኒስ የወርቅ ገንዘብ) ልትከፍል ተስማማች፤ ፋማጉስታ በጄኖዋ እጅ ቀረች። የመንግሥት የዕዳ ሰነድ ዋጋም ወደቀ፤ 100 ዱካት የሚል ወረቀት እስከ 18 ዱካት ተሸጠ። በግዳጅ ያበደሩ ብዙ ቤተሰቦች በድሉ ማግሥት ደኸዩ።

ተኔዶስ ደግሞ ለማንም አልሆነችም። ምሽጎቿ ይፍረሱ፣ ነዋሪዎቿም ይነሡ ተባለ። የቬኒስ ሹም ዛናኪ ሙዳጾ አላስረክብም ብሎ በገዛ መንግሥቱ ላይ ሸፈተ፤ እጁን እስኪሰጥ ድረስም ሌላ ዘመቻ አስፈለገ። በመጨረሻ ሰዎቹ ወደ ቀርጤስና ወደ ሌሎች የቬኒስ ደሴቶች ተወሰዱ። በዚህ ሁሉ መሐል ምንም ያልተጠየቁት እነርሱ ናቸው።

ይሁን እንጂ ቬኒስ አገገመች። ንግዷ ቀጠለ፤ በ1386 ኮርፉን፣ ትንሽ ቆይቶ ትሬቪዞን፣ በ1405 ፓዶቫን ራሷን ያዘች። ጄኖዋ በቤተሰቦች ጠብ ተናውጣ በ1396 በፈረንሳዩ ንጉሥ ሥር ገባች። በ1402 የእኛው ዐፄ ዳዊት መልእክተኞች በፍሎረንሳዊው አንቶኒዮ ባርቶሊ መሪነት ነብሮችን ጭምር ይዘው ሲሄዱ የደረሱት ወደዚችው ቬኒስ ነበር። ያን ጊዜ በከተማዋ የነበሩ ጎልማሶች የኪዮጃን ክረምት በዐይናቸው ያዩ ናቸው።

ቃል የተገባላቸው 30 ቤተሰቦች በሴፕቴምበር 1381 ወደ ታላቁ ምክር ቤት ገቡ። ከመካከላቸው ባለጸጋ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከእጅ ሥራና ከሱቅ የመጡም ነበሩ። መመዘኛው ያዋጡት ገንዘብና ያሰለፉት ሰው ነው። ለፒዛኒ ካልሆነ አንቀዝፍም ብለው ባንዲራቸውን ጥለው የሄዱት የቶርቼሎ ሰዎች በዚያ መመዘኛ የሚቆጠር ነገር አልነበራቸውም። ፒዛኒን ከወህኒ ያወጡት፣ በጃንዋሪ ብርድ በበሮቹ ላይ የቆሙትም እነርሱና መሰሎቻቸው ነበሩ። በዚያ መዝገብ ላይ ግን ስማቸው አልሰፈረም።